የዶና ኦዴት ግብጦ

ስልኩ ሲጮህ ሮማን አንድ እግሯን ቦት ጫማ ውስጥ ከትታ ሌላውን ጫማ ከበሩ ሥር እየፈለገች ነበር። ሥራዋ በድንገት የሚሞቱ ሰዎች በምን እንደሞቱ ለካውንቲው ማጣራት ነው። እዚህ ሥራ ላይ ያረጀ ሰው በማለዳ ሲደወልለት «ማን ይሆን?» አይልም፤ «የት ይሆን?» ነው የሚለው። የዛሬው ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የሚባለው ሰፈር ሆነ። ዶና ኦዴት የሚባሉ ፖርቱጋላዊት አሮጊት ሳሎናቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኝተዋል። ሮማን ከምትኖርበት ከብሩክሊን ሴንተር እስከዚያ ድረስ እያዛጋች ነዳች። የታመሙት እናቷ ሲጠሯት አድረው፣ እሷም ስትነሳ ስትተኛ ነበር የነጋው።

መርማሪ ፖሊሱ ሊንድግረን በር ላይ ጠበቃት።

«ቀላል ጉዳይ ነው» አላት። «የምትንከባከባት ሠራተኛ የሽንት ፊኛ ኪኒን ደርባ ሰጥታታለች። ምልክቱ አንድ በአንድ ይገጥማል።»

«ቀላል ከሆነማ እኔን በዚህ ብርድ ለምን አስመጣኸኝ?» አለችና አልፋው ገባች።

ሟቿ ወንበራቸው ላይ ናቸው። የዓይናቸው ብሌን እስከ ዳር ተከፍቷል፤ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከእጃቸው የወደቀ የውሃ ብርጭቆ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል። ጭናቸው ላይ የተጀመረ የክሮሼ ዳንቴል፣ በጎናቸው ደግሞ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት የነካው ቢጫ ፍሬ የተረፈበት ሳህን አለ። ሳህኑ ዳር ቅርፊቱ ተከምሯል። ሮማን የጎጃም ልጅ ናትና ግብጦ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም፤ ቀናት በውሃ ተዘፍዝፎ ምሬቱ ካለቀቀ የማይበላው ጥራጥሬ። ፎቶ ካነሳች በኋላ፣ ሊንድግረን ዘወር ሲል፣ አንዷን ፍሬ በምላሷ ጫፍ ነካችና መሀረቧ ላይ ተፋች። ደንቡ ይህን አይፈቅድም። ምሬቱ ግን ጆሮዋ ድረስ ተሰማት።

ወጥ ቤቱ የዶና ኦዴት ግዛት ነበር። ምድጃው ላይ የጎመንና የድንች ሾርባ ድስት ተጥዷል፤ ፍሪጁ ውስጥ ጨዉ እንዲለቅለት የተዘፈዘፈ ደረቅ ዓሣ አለ። ከዓሣው ጎን እስከ አንገቱ ግብጦ የያዘ ትልቅ ጠርሙስ ቆሟል። ሮማን ከእሱም ቀመሰች። ይኼኛው ምሬቱ የለቀቀ፣ ጨው የገባው፣ ደህና ግብጦ ነው። መሳቢያውን ስትስብ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሳለት የመለኪያ ማንኪያ አገኘች። እሱንም በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ያዘችው።

ሠራተኛዋ ጊፍቲ ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣለች።

«እትዬ ሮማን፣ ዋቃ ያውቃል፣ እኔ ኪኒን አልደረብኩም» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ኤጀንሲው ጠዋት ደውሎ ከሥራ ሰስፔንድ አደረገኝ። ላይሰንሴን ከወሰዱብኝ ሦስት ልጅ በምን አሳድጋለሁ?»

«የኪኒኑ ጠርሙስ አልጎደለም፤ አይቼዋለሁ። ፖሊሱ ግን ከውጭ አምጥታ ይሆናል ይላል። ምግባቸውን ማን ነበር የሚሠራው?»

«ራሳቸው ናቸው እንጂ! ማን ያስነካል? እኔ ውሃ መቀየር ብቻ ነው። የዓሣውን ውሃ እቀይራለሁ፣ ታች ምድር ቤት ባልዲ ውስጥ ያለውን የዚያን ባቄላ ውሃ እቀይራለሁ። እሳቸው በጉልበታቸው ምክንያት ደረጃ አይወርዱም። ጋሼ ካሳዬ ግብጦ ነው ይሉታል፤ እኛ አገር አላየሁትም።»

«ምግብ ላይ እንዴት ነበሩ?»

«ኧረ ተዪኝ፣ ኃይለኛ ናቸው! ሾርባ በሠሩ ቁጥር በማንኪያ ይሰጡኝና ‹ጨው እንዴት ነው?› ይሉኛል። እየፈተኑኝ ነበር መሰለኝ።»

«ትናንት ስትሄጂ ሳህን አቅርበሽላቸው ነበር?»

«አላቀረብኩም። ኪኒናቸውን ሰጥቼ፣ ብርድ ልብሳቸውን አልብሼ ነው የሄድኩት።»

ጋሼ ካሳዬ የጎረቤት ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ በአማርኛ የሚያመልክ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ሮማን ስታነጋግራቸው የባርኔጣቸውን ጠርዝ በጣታቸው እያዞሩ ነበር።

«እኔንና እሷን ያገናኘን ግብጦ ነው» አሉ። «አሥር ዓመት ሙሉ ጎረቤት ሆነን ከሰላምታ አላለፍንም። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ስትበላ አየሁና ‹ይህንን አንቺ ከየት አወቅሽው?› አልኳት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አብረን ነበርን። እሷ በቢራ፣ እኔ በሎሚ ውሃ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ከፍሪጁ አውጥታ በላን። እኔ ይኸው ደህና ነኝ። አመሻሽ ላይ የደጃቸውን በረዶ ጠርጌ እጄን ላሞቅ ስገባ ዳንቴሏን ትሠራ ነበር። ያንን ጸጉር የመሰለ ክር ያለ መነጽር!»

«ምሬቱ ያልለቀቀ ግብጦ ቢበላስ፣ ጋሼ?»

«ሰው ይጥላል። እሷም የሰፈሯን ሰካራም ታሪክ ስትነግረን አትሰለችም ነበር፤ ሳይለቅ በልቶ ሁለት ቀን ሲቃዥ ከርሞ በሦስተኛው ቀን ደህና ሆኖ ተነሳ ትላለች። እዚህ ቤት የሚገባ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ግን ማን ይበላዋል? ከሬት ይመርራል እኮ! እሷ ብትሆን በመጀመሪያዋ ፍሬ ትተፋዋለች።»

የሟቿ ልጅ ሩይ የመኪና መካኒክ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ወንበር ሲሰጡት እንኳ መቀመጡን የረሳ ይመስላል። ሮማን የማንኪያውን ከረጢት አሳየችው።

«የእኛ ቤት አይደለም» አላት። «እናቴ በእጇ ነው የምትለካው። አያቷም እንደዚያ ነበሩ። የሠራችውን የመጀመሪያውን ማንኪያ እኔን ታቀምሰኛለች፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አልነበረም፣ አሁን ስታረጅ የመጣ ፍቅር ነው።»

«መጦሪያ ቤት ስለማስገባት ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ?»

«አይታሰብም! አባቴ ሲሞት ቃል አስገብቶኛል።»

«ሌሊት ሲጣሩ ማን ነበር የሚነሳላቸው?»

ሩይ ወለሉን አየ። «እድላዊት። ባለቤቴ። የኔ እንቅልፍ ከባድ ነው» አለ።

እድላዊትን ምድር ቤት ውስጥ የአማቷን አንሶላ ስታጥፍ አገኘቻት። ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች፤ ማታ ደግሞ እዚህ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። ግብጦ የተዘፈዘፈበት ባልዲ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው። ከባልዲው እስከ ደረጃው ባለው ሲሚንቶ ላይ አንድ ፍሬ ወድቆ ተረግጧል።

«ማንኪያውን አንቺ ነሽ የገዛሽው?» አለቻት ሮማን።

«አዎ፣ ማማ ናት ግዢልኝ ያለችኝ። ዓይኗ ደክሞ ነበር።»

«የማታውን ሳህንስ ማን አቀረበላቸው?»

እድላዊት አንሶላውን ጫፍ ለጫፍ ገጠመች። «ጊፍቲ ሰጥታት የሄደች መሰለኝ» አለች።

ሮማን ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስትቆይ ክፉ ሰው ያገኘችበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ይህንንም ነገር ባላወቅሁት ብላ ተመኘች። ጊፍቲ ግን አሁንም ወጥ ቤት ውስጥ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣለች። ስለዚህ ሁሉንም በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሊንድግረን በሩን ተደግፎ ቆመ። ሮማን እንግሊዝኛውን ካማርኛው እያቀላቀለች ጀመረች።

«መጀመሪያ ኪኒኑን እንተወው። ምሬቱ ያልለቀቀ ግብጦም ብሌን ይከፍታል፣ አፍ ያደርቃል፤ የደከመ ልብ ካገኘ ያቆማል። ሳህኑ ላይ ያለው እንደ መርዝ ይመርራል። ላብራቶሪው ይህንኑ ነው የሚነግረን።»

«በስህተት ሊሆን ይችላል» አለ ሊንድግረን።

«ፍሪጁ ባዶ ቢሆን ኖሮ ስህተት እል ነበር። የተዘጋጀው ግብጦ እስከ ጠርሙሱ አንገት ሞልቶ እዚሁ ቆሟል። እሱን አልፎ፣ ደረጃ ወርዶ፣ ከባልዲው የቀዳ ሰው አውቆ ነው የቀዳው። ነጭ ሽንኩርትና ዘይት አድርጎ የደረሰ አስመስሎታል። ዶና ኦዴት ራሳቸው ደግሞ ደረጃ አይወርዱም።»

«ታዲያ እንዴት ዋጠችው?» አሉ ጋሼ ካሳዬ።

«ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው፣ ጋሼ። ያን ያህል የሚመርር ነገር ተቀምጦ እየላጠ የሚበላው ጣዕም የማይለይ ሰው ብቻ ነው።»

«እናቴ?» አለ ሩይ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «የሷን ምላስ የሚያህል የለም!»

«ነበር። ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው የለኩ ሴት በስተርጅና የመለኪያ ማንኪያ አስገዙ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ላንተ ሰጡህ፤ ጊፍቲን ጨው እንዴት ነው አሏት። በእናንተ ምላስ ነበር የሚቀምሱት፣ ሩይ።»

ሩይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ሳህኑን ያቀረበው ሰው ይህን ያውቅ ነበር» ቀጠለች ሮማን። «ባያውቅማ በመጀመሪያዋ ፍሬ ይጋለጣል። ትርጉሙን ሳታውቁት የነገራችሁኝን አስቡ። ሩይ ፍቅር ነው አለኝ። ጊፍቲ ፈተና መሰላት። ጋሼ ካሳዬ ትተፋዋለች ብለው እስካሁን ያምናሉ። ማንኪያውን የገዛው ሰው ግን ለምን እንደተገዛ ያውቃል፤ ስጠይቀውም ዓይናቸው ደክሞ ነው አለኝ። ያለ መነጽር ዳንቴል የሚሠሩ ሴት!»

ማንም ወደ እድላዊት መዞር አልፈለገም። እሷ ራሷ ናት ቀድማ የተናገረችው።

«ባለፈው ዓመት ከታመመች በኋላ ሁሉ ነገር ካርቶን ካርቶን ይለኛል አለችኝ» አለች ባማርኛ። «ለሩይ እንዳትነግሪ ብላ አስማለችኝ። ለኔ ብቻ ነው የነገረችው። ትወደኝ ነበር።»

«ልትገድያቸው አልነበረም» አለች ሮማን።

«በፍጹም! ሰካራሙ ሁለት ቀን ቃዥቶ ተነሳ ነው ያለችን። ሆስፒታል ትተኛለች፤ ሐኪሞቹ ሩይን ቤት ውስጥ አትሆንም፣ መጦሪያ ቤት ትግባ ይሉታል፤ የነሱን ይሰማል ብዬ ነው። እኔ ስነግረው አይሰማኝማ። አራት ዓመት ሌሊት ሳልተኛ፣ እትዬ ሮማን። አራት ዓመት።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ የሌላ ሰው ነገር የምታወራ ይመስል ነበር። «ማዞር ሲጀምራት አምቡላንስ ልጠራ፣ ስልኬን በእጄ ይዤ ሶፋው ላይ ጠበቅሁ። እደውላለሁ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልደወልሽም?» አለች ጊፍቲ።

«እንቅልፍ ወሰደኝ» አለች እድላዊት። «ስነቃ ነግቷል።»

ሮማን ሌሊቱን ሲጠሯት ያደሩት የራሷ እናት ትዝ አሏት። አዘነችላት፤ ማዘኗም አስፈራት። ለሊንድግረን የተባለውን በእንግሊዝኛ ስትነግረው ሩይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ሠራተኛዋን ልቀቃት» አለችው። «ለኤጀንሲዋም ዛሬውኑ አሁን ደውልላት። ነገ የሚባል ነገር የለም።»

ሊንድግረን ራሱን ነቀነቀና ስልኩን አወጣ። ጊፍቲ በረጅሙ ተነፈሰችና ከወንበሯ ተነሳች። ሊንድግረን ደውሎ ሲጨርስ እድላዊትን በሹራብ ብቻ ወደ በሩ ይዟት ሄደ። ውጭው በረዶ ነው።

«ቆይ» አለችው ጊፍቲ። ማንጠልጠያው ላይ የነበረውን የእድላዊትን ካፖርት አውርዳ ከኋላዋ አለበሰቻት።

«ባላጠፋሽው ስትጠረጠሪ ዝም ብዬ አየሁሽ» አለች እድላዊት ዞራ ሳታያት። «ልጆችሽን እያወቅሁ። ይቅር በዪኝ፣ ጊፍቲ።»

ጊፍቲ ወደ ፊቷ ዞራ ዚፑን እስከ አገጯ ዘጋችላትና መንገዱን ለቀቀች።