ዝቅ ብሎ የተቃኘው ጊታር

ሽቦ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችና ጊታሩን ጭኗ ላይ አጋደመችው። እናቷ ሳሎን ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናዋን ስታሽከረክር ይሰማል። መኪናው ዝም ካለ ሥራው አልቋል ማለት ነው፤ ሥራው ካለቀ ደግሞ እናቷ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና «በይ እስቲ አንድ ጊዜ» ትላለች። መፍጠን አለባት። የወፍራሙን ክር መቃኛ ቀስ አድርጋ አላላችው። ድምፁ እያዛጋ ወረደ። ስልኳ ላይ ያለው የመቃኛ መተግበሪያ መርፌ ግራ ቀኝ ዋለለና መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ ሁለተኛውን ክር፣ ሦስተኛውን፣ እንዲህ እያለች ስድስቱንም አወረደች።

በድብቅ ስታወርደው ይሄ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። በየጊዜው ግማሽ ድምፅ ብቻ። አሁን ጊታሩ ከተለመደው ቅኝት በሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሏል፤ እናቷ ግን አታውቅም።

ሽቦ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ቀጭን ስለሆነችና ከጊታሯ ስለማትለይ። እናቷም ለምዳው «ሽቦዬ» ትላታለች። ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እናቷ በሥራ ቀን የሰው ልብስ ትሰፋለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አንድ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ትዘፍን ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዘፍናለች፤ ሽቦን አርግዛ እንኳ አላቋረጠችም። ያቋረጠችው ከአምስት ወር በፊት አንገቷ ላይ የወጣው እንቅርት በቀዶ ጥገና ሲወጣላት ነው።

ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው እንደተሳካና እብጠቱም ክፉ እንዳልሆነ ነገራቸው። ነገር ግን ድምፅን ወደ ላይ የሚስበው ቀጭን ነርቭ ሳይነካ አልቀረም። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፣ ጊዜ ስጡት አላቸው። መጀመሪያ ላይ የእናቷ ድምፅ ጨርሶ ጎርንኖ ነበር። ስልክ የሚደውሉ ደንበኞች «ጌታዬ» ሲሏት፣ «ጌታው ወጣ ብለዋል፤ ሰፊዋ ነኝ» እያለች ታስቃቸው ነበር። እየቆየ የንግግር ድምጿ ተመለሰ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ታዲያ ሽቦን ጊታሯን እንድታነሳ ጠየቀቻት።

የመረጠችው ሁልጊዜ ቅዳሜን የምትዘጋበትን ዝግ ያለ የፍቅር ዘፈን ነው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ወደ ላይ ይወጣል። እዚያ ስትደርስ አፏ ተከፈተ እንጂ ምንም አልወጣም፤ አየር ብቻ። እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና «ድስት ጥጄ ነበር» ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። የተጣደ ድስት አልነበረም።

በማግሥቱ ነው ሽቦ ጊታሩን መጀመሪያ ያወረደችው። ጊታሩ ዝቅ ሲል ዘፈኑም አብሮ ዝቅ ይላልና፣ እንዲያው ለሙከራ ያህል ነበር። እናቷ ስትዘፍን ያ እምቢ ያለው ቦታ ግማሹ ወጣላት። ዞር ብላ ሽቦን አየቻት። ሽቦ እንዲህ ያለ ፊት እናቷ ላይ ካየች ወራት አልፏል።

«ሰማሽው?» አለቻት።

«ሰማሁት» አለች ሽቦ። ጊታሩን ማውረዷን አልነገረቻትም። ውሸቱ ያኔ ተጀመረ።

ክሮቹ እየላሉ ሲሄዱ ችግር አመጡ። ስትመታቸው እየተርገበገቡ ከጊታሩ አንገት ብረቶች ጋር ይንጫጫሉ፤ ጠንከር አድርጋ ስትጫናቸው ደግሞ ድምፃቸው ይዛባል። አንድ ጊታር ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው። ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚረሳና ከሰው ይልቅ ከዕቃ ጋር የሚያወራ ሽማግሌ ነው። ወፈር ያሉ ክሮች ገጠመላት። ለባንድ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ቤት ውስጥ ብቻ መሆኑን ነገረችው። እንግዲያው እንደ ልብሽ አውርጂው አላት፤ ከሌላ መሣሪያ ጋር የተጫወትሽ ዕለት ግን ጉድሽ ይፈላል። ይህን ያለው ጊታሩን እያየ ነው። ሽቦ ግን የእናቷን ነገር አውቆ የተናገረ ያህል ተሰማት፤ መንገዱን ሁሉ ስታስበው ሄደች።

ሦስተኛውን ግማሽ ድምፅ ባወረደች በሁለተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ስልክ ላይ ነበረች። የምታወራው ከባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ጋር ነው። ሰውዬውን ሁሉም ጋሼ ነው የሚለው፤ ባንዱን የሚመራውም እሱ ነው። እናቷ ድምጿ ሙሉ ለሙሉ እንደተመለሰ፣ ልጇ ምስክር እንደሆነች ስትነግረው ሽቦ በር ላይ ቆማ ሰማች። ለቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ተቀጣጠሩ።

ሁለት ጊዜ ልትነግራት ሞከረች። ሐሙስ ማታ እራት ላይ «እማ» ብላ ጀምራ፣ እናቷ ቀና ስትል «ጨው አቀብዪኝ» አለቻት። ዓርብ ደግሞ እናቷ የመድረክ ቀሚሷን ጎኑን እያጠበበች ነበር፤ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ከስታለች። ቀሚሱን ገልብጣ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ ለራሷ እያንጎራጎረች። ሽቦ ተመልሳ ክፍሏ ገባችና መጽሐፍ ገለጠች። አንድ ገጽ አልገፋችም።

ቅዳሜ አብራት እንድትሄድ የጠየቀቻት እናቷ ነች። የሆቴሉ አዳራሽ ባዶ ነበር። ወንበሮቹ ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል፤ አንዲት ሠራተኛ ወለሉን ትወለውላለች። ሳክስፎን ተጫዋቹና ከበሮ መቺው እናቷን አቅፈው ሳሟት። ጋሼ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እንቅልፍ አጥቼ ነው ብሎ አሳበበ። ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠና የዘፈኑን መግቢያ ጀመረ።

ሽቦ ልዩነቱን ከመጀመሪያዎቹ ድምፆች አወቀችው። ዘፈኑ እቤት ከለመዱት በጣም ላይ ነበር። እናቷም ፊቷ ቅጭም አለ፤ ግን ገባችበት። አንደኛውን ስንኝ እንደምንም ተወጣችው። ሁለተኛው ላይ የአንገቷ ሥር ተገተረ። ሦስተኛው ላይ ድምጿ ተሰነጠቀና ጠፋ። ባንዱ አንድ በአንድ አቆመ። ወለሉን የምትወለውለው ሴት ሳትቀር ቀና አለች።

እናቷ እንደ መሳቅ ብላ፣ ጋሼ ዘፈኑን ከፍ አድርጎት እንደሆነ ጠየቀች። ጋሼ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። «ሁልጊዜ ከምንጫወትበት ነው፣ እህቴ» አላት። ላውርደው፣ ለኔ አንድ ቁልፍ መጫን ነው ብሎ እጁን ዘረጋ።

እናቷ ግን እሱን አልሰማችውም። ሽቦን እያየቻት ነበር። ሽቦ አንገቷን ደፋች። እናቷ ማይኩን ወደ መቆሚያው መልሳ፣ ሁሉንም አመሰገነችና ዛሬ ይቅር አለች።

ወደ ቤት በእግር ሄዱ። ግማሽ መንገድ ላይ እናቷ ጠየቀቻት።

«ስንት ነው ያወረድሽው?»

«ሦስት ግማሽ።»

እናቷ ጥቂት እርምጃ ሄደች። «ሰው ሁሉ ቢዋሸኝ ምንም አይደለም» አለች። «ሐኪሙም አይዞሽ ሲለኝ ለማጽናናት እንደሆነ ገብቶኛል። ያንቺን ጆሮ ግን አምኜ ነበር።»

ሽቦ «ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው» ልትል ፈለገችና ተወችው። እውነት ቢሆንም ሰበብ ሰበብ ይሸታል።

ከዚያ በኋላ እናቷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ምግብ ታቀርባለች፣ የቤት ሥራ ትጠይቃለች፣ ትሰፋለች። የጠበበውን ቀሚስ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። በሚቀጥለው ሳምንት ጋሼ ደወለ። ለጊዜው ሌላ ዘፋኝ እንዲፈልግ ነገረችው፤ ለጊዜው የሚለውን ቃል ስትል ግን ድምጿ ዝቅ አለ። ሽቦ ጊታሩን ወደ ትክክለኛው ቅኝቱ መለሰችው፤ ክሮቹ ወፍራም ስለሆኑ እስኪከሩ ጣቷን አመማት። ከዚያ በኋላ አልነካችውም።

ከልምምዱ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት የስፌት መኪናው ቆመ። እናቷ ገባችና አልጋው ላይ ተቀመጠች። ጊታሩን እንድታነሳው በአገጯ አመለከተቻት።

«አሁን አውርጂው» አለች። «ግን እያየሁ። ስንት እንዳወረድሽም እየነገርሽኝ።»

ሽቦ አንድ ግማሽ ድምፅ አወረደችና «አንድ» አለች። እናቷ ሦስተኛውን ስንኝ አንጎራጎረችና ራሷን ነቀነቀች። «ሁለት።» አሁንም አልሆነም። ሦስት ላይ ድምፁ ወጣ፤ ወጣ እንጂ ጉሮሮዋ እየታገለ መሆኑ አሁን ለሁለቱም ይታያል። እናቷ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ቀጥዪ አለቻት።

«አራት» አለች ሽቦ።

አራት ላይ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሄዱበት። ድምፁ አልተሰነጠቀም፤ ጉሮሮዋም አልታገለም። ግን የድሮው ብርሃን የለበትም። የደከማት፣ ብዙ መንገድ የሄደች የሌላ ሴት ድምፅ ይመስላል። ዘፈኑም ቢሆን ሌላ ዘፈን ሆኗል። የመጨረሻው ድምፅ ክሩ ላይ እየሳሳ ጠፋ።

እናቷ ቀና ሳትል፣ ቀሚሷ ላይ የቀረች ቁራጭ ክር እየለቀመች ጠየቀቻት።

«እንደ ድሮው ነው?»

የለመደችው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሽቦ የእናቷን አጎንብሶ የቀረ ራስ፣ አንገቷ ላይ ከቀዶ ጥገናው የቀረውን ቀጭን ቀይ መስመር አየች።

«አይደለም፣ እማ» አለች።

ጣቶቿን ክሮቹ ላይ እንዳኖረች፣ እናቷ ቀና እስክትል ጠበቀች።