የታቀፈች ዶሮ አትታረድም

ባልዲው ውስጥ የተንሳፈፈውን ላባ ስታይ ሻቄድ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እዚያው የጓሮው በር ላይ ጣለችው። ላባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም አይደለም፤ ዓርብ ነው፣ እንግዳ ይመጣል፣ ዶሮ ይታረዳል። ይኼኛው ግን አመድማ፣ አጠር ያለ የእግር ላባ ነበር። በገዴራ ከተማ በምትገኘው ጠባብ ጓሯቸው ውስጥ እስከ ጣቷ ድረስ ላባ የለበሰች ሴት ዶሮ አንዲት ብቻ ናት፤ እመቤት።

አያቷ አባ ይርሳው ከቧንቧው ሥር ጎንበስ ብለው ቢላቸውን ያጥባሉ።

«አባባ! የትኛዋን ነው ያረዱት?»

«አመዲቱን ነዋ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ምን ያለች የሰባች ዶሮ ናት! ለወንድምሽ የምትገባ።»

«እመቤትን? ማን ፈቀደልዎት?»

አባ ይርሳው ቀና አሉ። የልጅ ልጃቸው በዚህ ድምፅ ተናግራቸው አታውቅም። «አንቺ ነሻ! የትኛዋን ልረድ ብዬ ወንድምሽን ማታንን ጠየቅሁት። ‹አመዲቱ እንቁላል መጣል አቁማለች፤ ሻቄድም እሷን ውሰዱ ብላለች› አለኝ። አላልሽም እንዴ?»

ከመንገዱ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ከቂርያት መላኪ ከተማ አጎቷ ሐብቴና ሚስቱ ውብዳር ሌሎች ሁለት ዘመዶች ይዘው ደርሰዋል። አባ ይርሳው መልሷን ሳይጠብቁ ቢላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እንግዶቻቸውን ሊቀበሉ ገቡ።

አላለችም! እንዴት ትላለች? እመቤት እኮ እንደ ቀዮቹ ከገበያ የተገዛች የእንቁላል ዶሮ አይደለችም። ብራህማ የሚባለው የጥንት ዘር ናት። ያቭነ ከተማ ውስጥ ያኒቭ የሚባል ጡረታ የወጣ ፖስተኛ አለ፤ ማንም የማይፈልጋቸውን የድሮ ዶሮ ዘሮች የሚያረባ። ሻቄድ አንድ ሙሉ የበጋ ዕረፍት የእሱን የዶሮ ቤት ስትጠርግ ከርማ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ጫጩት ሰጣት። አንዷ እመቤት ሆነች፣ አንዱ ደግሞ ሻምበል የተባለው አውራ ዶሮ። ብራህማ ቶሎ አያድግም፣ እንቁላሉም ብዙ አይደለም። ግን የዋህ ነው። እመቤትን የጎረቤት ሕፃናት ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያሻሿት ነበር። እጅ ሲዘረጋላት ትመጣለች እንጂ አትሸሽም።

ደግሞስ ነግራቸው የለ! ዛሬ ዐሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ እራት ላይ ተነሥታ «እመቤት ዘጠኝ እንቁላል ታቅፋለች፤ እንዳትነኩብኝ» ብላ ነበር። እናቷ ዘመናይ ከቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ደክሟት ስለመጣች በዕብራይስጥ «ቤሰደር»፣ እሺ፣ አለች። ማታን ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ቤሰደር» አለ። አባ ይርሳው ያን ሰሞን አጎቷ ቤት ነበሩ፤ የመጡት ትናንት ነው። በዚህ ቤት «ቤሰደር» ማለት «አልሰማሁሽም» ማለት መሆኑ ለሻቄድ የገባት ዛሬ ነው።

እንቁላሎቹ!

ወደ ዶሮ ቤቱ ሮጠች። የታቀፈች ዶሮ በቀን አንዴ ውኃ ልትጠጣ፣ ጥሬ ልትለቅም ከእንቁላሏ ትነሣለች። እመቤትም የተነሣችው ለዚያች ለሩብ ሰዓት ነው፤ በዚያችው ተያዘች። ሻቄድ ገለባው ውስጥ እጇን ሰደደችና አንዱን እንቁላል አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ለብ ብሏል፤ ገና አልበረደም። በስልኳ መብራት ከበስተኋላ ስታበራበት ቀያይ ክር የመሳሰሉ ደም ሥሮች ታዩ፤ መሐላቸው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ተንቀሳቀሰች።

ያኒቭ ስልኩን ወዲያው አነሣ። «አሁኑኑ ካመጣሽልኝ መፈልፈያው ሞቆ ይጠብቅሻል» አላት። «ሰንበት ከገባ በኋላ ግን በር አልከፍትም። ልጄ፣ እነሱም ሰንበት እስኪወጣ አይቆዩም።»

ሰንበት ሊገባ ሁለት ሰዓት አልሞላም። የመጨረሻው አውቶቡስ አልፏል። እናቷ መኪና አትነዳም። የሚነዳው ማታን ነው፤ በጋውን መጋዘን ውስጥ ሠርቶ የገዛት አሮጌ መኪና ደጅ ላይ ቆማለች።

ኩሽና ስትገባ እናቷ ላብ በላብ ሆና ሽንኩርቱን ታማስላለች። እመቤት ታጥባና ተገነጣጥላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተቀምጣለች። ሻቄድ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እማ፣ ማታን አሁን ያቭነ ያድርሰኝ።»

«አሁን? ሽማግሌዎቹ ሊመርቁት ተቀምጠው?»

«ዋሽቶ ነው ያሳረዳት! እንቁላሎቹ ሊሞቱ ነው!»

ዘመናይ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «ቀስ በይ፣ እንግዳ ይሰማል! ዝም አይነቅዝም። ወንድምሽ እሁድ ወታደር ቤት ይገባል፤ ቀኑን አታበላሺበት። ሰንበት ይውጣና እንነጋገራለን። ዶሮ ናት እኮ፣ ልጄ።»

ዶሮ ናት! የሻቄድ ደም ፈላ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እንቁላል ግን ዝም ሲሉት ይሞታል። ዝም በይ የምትባለውስ ለምንድን ነው ሁልጊዜ እሷ? የዋሸው ሳሎን ውስጥ ይመረቃል፣ እውነቱን የያዘችው ኩሽና ውስጥ አፏን ትዘጋለች። ይኼ የማን ፍርድ ነው?

የጫማ ካርቶን አነሣች። ትኩስ ውኃ በጠርሙስ ሞልታ በፎጣ ጠቀለለችና ዘጠኙን እንቁላሎች ዙሪያውን ደረደረች። ካርቶኑን ታቅፋ ወደ ሳሎን ሄደች።

ማታን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ አያቱ ፊት ተንበርክኳል። አባ ይርሳው ቀኝ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «እሾህ አይውጋህ፣ እንቅፋት አይምታህ…»

«አሜን» አሉ እንግዶቹ።

ሽማግሌ ሲመርቅ አይቋረጥም። ይኼን በዚህ ቤት የማያውቅ የለም፤ ሻቄድም ሳትጠባ በፊት የሰማችው ይመስላታል። ካርቶኑን አየች።

«በሰላም ሄደህ በሰላም…»

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማታን፣ ተነሥ።»

ውብዳር አፏን በነጠላዋ ያዘች። አጎቷ ሐብቴ «ኧረ ይቺ ልጅ ምን ነካት! ምርቃት ታቋርጣለች?» ብሎ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«እመቤት እንቁላል ታቅፋ ነበር» አለች ሻቄድ። «ውሰዱ አላልኩም። እሱ ነው የዋሸው።»

አባ ይርሳው ዓይናቸውን ገለጡ። ካርቶኑን አዩ፤ ከዚያ ቁልቁል የልጅ ልጃቸውን አዩት። እጃቸው ከራሱ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«የታቀፈች ዶሮ አሳረድኸኝ?»

«አባባ፣ መታቀፏን አላወቅሁም…»

«ነግሬህ ነበር!» አለች ሻቄድ። «‹ቤሰደር› ብለኸኛል!»

የማታን ጆሮ ቀላ። «ረሳሁት። ቀዮቹን ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ሮጥኩ፣ አልያዝ አሉኝ። እሷ ግን… ራሷ መጣች።»

ሻቄድን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይኼ ነው። ራሷ መጣች! አዎ፣ ትመጣለች፤ ሰው ማመንን ያስተማረቻት ሻቄድ ናት። የሸሹት ተረፉ፣ ያመነችው ታረደች። እንባዋ ሊመጣ ሲል ጥርሷን ነከሰች።

«ያላ፣ እንሂድ» አለች። «ቁልፉን አምጣ።»

አጎቷ ሐብቴ አሁንም ሊቆጣ አፉን ሲከፍት አባ ይርሳው በእጃቸው ከለከሉት። «ተወው። ምርቃቱ ይቆየናል፤ ጫጩት አይቆይም። ሰንበት ሳይገባ ተመለሱ።»

መንገድ ላይ ማታን ሁለት ጊዜ «ስሊሓ» ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። በሁለተኛው «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ይነቃነቃሉ» ብላ ካርቶኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። የብርቱካን ማሳዎቹ፣ አዳዲሶቹ ፎቆች አለፉ፤ እሷ ግን የምታየው የጠርሙሱን ፎጣ ብቻ ነበር።

ያኒቭ ያቭነ ቤቱ በር ላይ ለሰንበት ታጥቦ፣ ጸጉሩ ገና እርጥብ ሆኖ ጠበቃቸው። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ መብራት ላይ ያዛቸው። ምንም የማይንቀሳቀስባቸውን ሁለቱን ወደ ጎን አስቀመጠ፤ ሰባቱን ግን መፈልፈያው ውስጥ አስገባ።

«ሰባት» አለ። «ዐሥር ቀን ይቀራቸዋል። ጥሩ አድርገሽ ነው ያመጣሻቸው። እናትየዋ ግን ምን ሆነች? እንዲህ ያለች ዶሮ እንቁላሏን ጥላ አትሄድም።»

ማታን እህቱን አያት። ዓይኑ ይለምናታል። «ቀበሮ ወሰዳት» ብትል ያልቃል፤ ያኒቭ ያምናታል። ወንድሟ ነው፤ እሁድ ዩኒፎርም ሊለብስ ነው፤ የቤት ገመና ደጅ አይወጣም። ሻቄድ የካርቶኑን ክዳን ይዛ ዝም አለች። ይኼን ዝምታ ግን ማንም አላዘዛትም፤ የራሷ ነበር።

መፈልፈያው በቀስታ ያጉረመርማል።

«ታርዳ ነው» አለ ማታን በመጨረሻ። «ሻቄድ ፈቅዳለች ብዬ አያቴን ዋሽቼ፣ እኔ ነኝ ያሳረድኳት።»

ያኒቭ መነጽሩን አውልቆ ረጅም ሰዓት ጠረገው። ማታንን ከስድብ በላይ ያ ሳያቃጥለው አልቀረም።

ቤት ሲደርሱ ሰንበት ሊገባ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። የወጡ ሽታ ደረጃው ድረስ ወርዶ ተቀበላቸው፤ ሻቄድ ትንፋሿን ይዛ አለፈች። እንግዶቹ እንደተቀመጡ ናቸው። ዘመናይ ከኩሽናው በር ላይ ሆና ልጇን አየቻት። «ተረፉ?» አለች።

«ሰባቱ።»

«ተመስገን።» የሻቄድን ኮት ተቀብላ ሰቀለችላት።

ማታን ሄዶ አያቱ ፊት ቆመ። አልተንበረከከም፤ አልደፈረም። አባ ይርሳውም እጃቸውን አላነሡም። እሱን አልፈው ወደ ሻቄድ ተመለከቱ።

«ልጄ፣ የተበደልሽው አንቺ ነሽ» አሉ። «ልጨርስለት ወይ?»

አጎቷ ሐብቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌ ልጅ አስፈቅዶ ሲመርቅ አይቶ አያውቅም። ሁሉም ሻቄድን ያያታል። «አይሆንም» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ንዴቷ ገና አልበረደም፤ ነገም የሚበርድ አይመስላትም። ማታን አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ሸሚዙ ላይ የገለባ ስባሪ ተጣብቋል።

«ቆይ» አለችና ወደ እሱ ዞረች። «በዐሥረኛው ቀን ከወታደር ቤት ትደውላለህ። ለእማ አይደለም፣ ለእኔ። ስንት ተፈለፈሉ ብለህ ትጠይቃለህ።»

«እደውላለሁ።»

«‹ቤሰደር› ብትለኝ ስልኩን እዘጋብሃለሁ።»

«አልልም።»

ሻቄድ ወደ አያቷ ተመለሰች። «ይጨርሱለት፣ አባባ። ከወጡ ግን አልበላም።»

«እኔስ እበላለሁ ማን አለሽ?» አሉ አባ ይርሳው።

ማታን ተንበረከከ። ትልቁ እጅ ተመልሶ ራሱ ላይ አረፈ። «በሰላም ሄደህ በሰላም ተመለስ» አሉ፣ ከተቋረጠበት ቦታ ጀምረው። እንግዶቹ «አሜን» አሉ። ሻቄድ አፏን አልከፈተችም።

«አፍህ ከሐሰት ይጠበቅ።»

«አሜን» አለች ሻቄድ፣ ከሁሉም ቀድማ። ከዚያ ሰንበት ሳይገባ ለሻምበልና ለቀዮቹ ውኃ ልትሞላ ወደ ጓሮ ወጣች።