ሽቦ የዋጠ ግንድ

«እኔ ግንድ አይቼ ሳይሆን ሰምቼ ነው የምቆርጠው» አለች ሙልኪ። አይሱዙው ላይ፣ ከተከመረው እንጨት አናት ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። «በመጥረቢያው ጀርባ አንዴ ኳ! ካደረግኩት በቃ። የበሰበሰ ይሁን፣ ምስጥ የበላው ይሁን፣ ውስጡን ይነግረኛል። እንዲህ ዓይነት ጆሮ ድሬ ላይ አንድ ነው ያለው። እሱም የተገጠመው እኔ ላይ ነው።»

«ሁለት ነው» አለች ናፊሳ፣ መዳፏ ውስጥ የገባውን እሾህ በጥርሷ እየነቀለች። «ግራና ቀኝ።»

ሁለቱ ሰባተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ በጋ ሲገባ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ መኪና ላይ። ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ያለውን ሜዳ ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃም ዛፍ ወሮታል። የከብቱን ግጦሽ ስለበላው «ቁረጡልን» እንጂ «አትቁረጡ» የሚል የለም። እንጨቱን የሚረከበው እየፈጨ ችፑድ የሚሠራበት ፋብሪካ ነው። የሙልኪ እናት ደሄቦ ከሁለት ሴቶች ጋር ትቆርጣለች፤ የናፊሳ አባት ወርሳሜ ከልጆቹ ጋር ይቆርጣል። መኪናው አንድ ስለሆነ እንዳይቀላቀል የደሄቦ ግንድ ጫፉ ሰማያዊ፣ የወርሳሜ ቀይ ይቀባል።

ፋብሪካው ብረት አይወድም። ሚስማርም ሆነ ሽቦ በእንጨቱ ውስጥ ከተገኘ ያመጣው ሰው እስከ ክረምት በዚያ በር አይገባም።

ዛሬ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ጭነቱ ግማሽ እንኳ ሳይራገፍ መፍጫው እንደተረገጠ ድመት ጮኸ። ከዚያ ጸጥ አለ። ሁሉም ሰው ባለበት ቆመ።

ተረካቢው ጋሽ ኃይለመለኮት ክንድ የሚያህል የዛገ ሽቦ አንጠልጥሎ ወጣ። በሽቦው ላይ የተፈረካከሰ እንጨት ተጣብቋል። ቀለም የተቀባውን ጫፍ መፍጫው በልቶታል።

«ቢላው ተሰብሯል» አለ። «የማነው ይሄ?»

ጠይቆ ሲያበቃ ዓይኑን ቀጥታ የወረወረው ደሄቦ ላይ ነው። ሙልኪን ያበገናት ይሄ ነው። ለምን እሷን ብቻ? ሴት ስለሆነች?

«እነዚህ ያገኙትን ነው የሚጭኑት» አለ ለዘበኛው፣ ሰው እንደማይሰማው።

ሙልኪ ከእንጨቱ አናት ዘላ ወረደች። «አንተ ጋሼ! የኛ አይደለም! አንድ በአንድ መትቼ ያስጫንኩት እኔ ነኝ፣ ወላሂ! የቀዮቹ ነው! ቀዮቹን ጠይቃቸው!»

ጋሽ ኃይለመለኮት ከደብረ ብርሃን መጥቶ ሦስት ዓመት ቢሆነውም የድሬ ልጅ «አንተ» ስትለው አሁንም ፊቱ ይጠቁራል። ነገር ግን ፊቱን ወደ ወርሳሜ አዞረ።

ናፊሳ አንድ እርምጃ ቀረበች። «ሙልኪ፣ ሐሙስ ዕለት እኮ…»

«ኢስካ ዳ» አላት አባቷ፤ ተይው ማለቱ ነው። እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ በር ላይ ቆሜ ከልጅ ጋር አልጯጯህም።»

«ዝም ያለ አምኗል» አለ ጋሽ ኃይለመለኮት። «ቀይ ቀለም እስከ ክረምት እዚህ በር ላይ እንዳላይ።»

ወርሳሜ የውኃ ጀሪካኑን አንስቶ በአሸዋው ላይ መንገድ ጀመረ። ጉልበቱን ያመዋል፤ አንድ እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። ናፊሳ ተከተለችው። አንዴም ዞራ አላየችም።

ሰኞ ጠዋት ናፊሳ ዴስክ ቀይራ ከክፍል ጓደኛቸው ከስምረት ጋር ተቀምጣ ነበር።

ሙልኪ ደሟ ፈላ። አቦ፣ ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ሽቦ የጫኑት እነሱ፣ ያኮረፉትም እነሱ! በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እርሳሷን ሰበረች። በእረፍት ሰዓት «ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ለጠየቀቻት ስምረት «ሽቦ ሻጭ አጠገብሽ አስቀምጠሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አለቻት። ናፊሳ ሰምታለች። ሳንድዊቿን ጠቀለለችና ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

ከትምህርት ቤት እንደወጣች ሙልኪ የእናቷን መጋዝ ይዛ በባጃጅ መልካ ጀብዱ ወረደች። ማስረጃ ነው የፈለገችው። ሽቦ ያለበት ጉቶ ካገኘች ቆርጣ ዴስኩ ላይ ታስቀምጥላታለች። «በይ አሁን አኩርፊ!» ትላታለች። ይህን እስከ መንገዱ መጨረሻ ስትለማመደው ሄደች።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። የወርሳሜን ጉቶ አንድ በአንድ አየች። በእግሯ እየገፋች፣ ጎንበስ እያለች፣ እሾህ ቀሚሷን እየያዛት። ሁሉም ንጹሕ ነው። ያንን ሁሉ እንጨት እነ ወርሳሜ ከጫካው መሐል በእሾህ ውስጥ እየጎተቱ ነው ወደ መንገድ ያወጡት። በታመመ ጉልበት!

«ደባቂዎች» አለች፣ ማንን እንደምትሰድብ ራሷም ሳታውቅ።

ደክሟት መንገዱ ዳር ወጣችና አንድ ጉቶ ላይ ልትቀመጥ ስትል አየችው። ከቅርፊቱ በግራም በቀኝም እንደ ድመት ጢም የወጣ የዛገ ሽቦ። ቀና ብላ መስመሩን ተከተለች። ከዚያ ጉቶ እስከ ወዲያኛው ድረስ፣ ሣር ውስጥ የወደቁ የአጥር ቋሚዎች አሉ። የድሮ አጥር ነው። ሽቦውን ያሰሩት በቁም ዛፍ ላይ ነበር፤ ዛፉም እያደገ ውጦታል። የታችኛው መስመር ጉቶው ውስጥ ቀርቷል። የላይኛው ከግንዱ ጋር ሄዷል።

ጉቶው ሥር ድንጋይ ላይ የቀለም ጠብታ አለ። ሰማያዊ።

ሐሙስ ይህን ዛፍ የቆረጠችው ራሷ ሙልኪ ናት። መንገድ ዳር ስለሆነ መጎተት የለውም ብላ። በመጥረቢያው ጀርባ ኳ! አድርጋው ነበር። «ጤነኛ ነው» ብላም ነበር። ከወዲያ ማዶ ናፊሳ የሆነ ነገር ስትጮህ «የራስሽን ቁረጪ አቦ!» ብላ መልሳላታለች።

ጉቶውን በእርግጫ አለችው። አውራ ጣቷን አመማት፤ ይበልጥ ተናደደች። በአጥሩ፣ በዛፉ፣ በጋሽ ኃይለመለኮት ዓይን። በእግሯ አሸዋ እየገፋች ጉቶው ላይ ከመረችበት። ሽቦው ተሸፈነ፤ ጠብታዋም ተሸፈነች። ማንም አያውቅም። እስከ ክረምት ደግሞ ዝናቡ ይወስደዋል።

የወርሳሜ የሚጎተት እግር ትዝ አላት። ከዚያ ተንበርክካ አሸዋውን በእጇ ጠረገችና መጋዙን አነሳች። ሽቦው ያለበትን ክብ ቆርጣ ለማውጣት ፀሐዩ እስኪያዘቀዝቅ ድረስ ፈጀባት።

ደሄቦ ቤት ደጃፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም እየበጠበጠች ነበር። ክቡን እንጨት አገላብጣ አየችው።

«በሩ ላይ ስትጮሂ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም። አንቺን እንደዚያ ሲያይሽ ተናድጄ ነው።»

«እሱ እኔን ስለጠረጠረ አንቺ ወርሳሜን ትወነጅያለሽ?»

እናቷ የቀለሙን ቆርቆሮ ከደነችና ክዳኑን በቡጢ መታችው። እስከ ክረምት የሚከፈት አይመስልም።

«ነገ በሩ ጋ አብረን እንሄዳለን» አለች። «አሁን ግን እነ ወርሳሜ ቤት። ብቻሽን።»

ናፊሳ ደጅ ላይ ጫማዋን ታጥባለች። ሙልኪ እንጨቱን ይዛ ፊቷ ቆመች። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ሳትተነፍስ ለቀቀችው።

«የኛ ነው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ነገ በሁሉም ሰው ፊት ለጋሽ ኃይለመለኮት እነግረዋለሁ፣ ጮክ ብዬ የወነጀልኩትን ጮክ ብዬ። አባትሽንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ እሺ? ደብቄው መቅረት እችል ነበር። ደግሞ እወቂ፣ እንጨት የዋጠው ሽቦ ሲመታ ድምፅ የለውም። ጆሮዬ ምንም አልጎደለውም…»

ናፊሳ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። እንጨቱን ተቀበለች፣ ሽቦውን በጣቷ ነካች፣ መልሳ ሰጠቻት።

«ሐሙስ ‹እዚያ ጋ አጥር ነበረ› ብዬ ሦስት ጊዜ ጮኼልሻለሁ» አለች። «ግንድ ከምታዳምጪ ሰው አዳምጪ።»