ከቀለሙ ሥር ያለው ደም

ፋንቱ፣ ኬንያ ውስጥ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር በተከራየችው ቤት ወለል ላይ በሻሿ ታንቃ ተገኘች። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ እጇ በደም ተለውሷል። ባሏ ፀጋዬ ክንዷን ፓንጋ በሚሉት ገጀራ ስለቆረጠ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ታስሯል። ይግባኙ በማግስቱ ይሰማል። ቅጣቱ ከተቀነሰለት ወጥቶ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ሐሴትን ይወስዳታል።

ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ አለ፦ «ባሌን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ፍቱልኝ።» ከሥሩ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ።

መርማሪዋ ዘመናይ፣ ኬንያ ተወልዳ ያደገች ፖሊስ፣ የሟቿን ጣት አተኩራ አየች። በሩ አልተሰበረም። ያን ቀን ፋንቱ ቤት የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ለየብቻ ጠየቀቻቸው።

«ለእርቅ ነው የመጣሁት» አለ የፀጋዬ ወንድም ሱራፌል። «ኦፊሰር፣ ማስታረቅ ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«ወረቀቷን ማን ይሞላላት ነበር?»

«እኔ። ፎርሙን እሞላለሁ፣ እሷ በጣቷ ታትማለች።»

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ጋሽ ካሣሁን ዕንባቸውን ጠረጉ። «ፀጋዬ ከታሰረ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል አስተምራት ነበር። የባሏ ዘመዶች እንዳይሰሙ አደራ ብላኛለች።»

እህቷ ምርቃት ደግሞ፣ «የሐሴትን የትምህርት ቤት ወረቀት ራሷ ነበረች የምትፈርመው» አለች።

ዘመናይ ሦስቱንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበች።

«በሩን የከፈተችው ለምታውቀው ሰው ነው» አለች። «ጣቷ ላይ ደሙ ከታች፣ ቀለሙ ከላይ ነው። ስለዚህ አሻራው የታተመው ከተደበደበች በኋላ ነው። ጋሽ ካሣሁንና ምርቃት መጻፍ እንደምትችል ያውቃሉ። እነሱ ቢሆኑ ፊርማዋን ያስመስሉ ነበር። የማያውቀው አንድ ሰው ነው።»

ሱራፌል ሳቀ። «ፋንቱ? እስክሪብቶ መያዝ የማትችለዋ?»

«የሹራብህን አንገት ዝቅ አድርገው።»

አልነካውም። አጠገቡ የቆመው ፖሊስ ጎተተው፤ አራት የጥፍር ጭረቶች ታዩ፤ ገና አልደረቁም።

ዘመናይ ከፋይሉ አንድ ወረቀት አወጣች። «ባለፈው ሐሙስ ለዐቃቤ ሕግ በእጇ ጽፋ የሰጠችው ስቴትመንት ነው» ብላ አነበበች፦ «ክንዴን ቆርጧል። ከወጣ ይገድለኛል። ልጄን አትስጡት። ፋንቱ።»

ሱራፌል አንገቱን ዘርግቶ ወረቀቱን አየ። «መቼ ተማረች?» አለ ቀስ ብሎ።

ካቴናው ሲገባለት ምርቃት የዘመናይን ክንድ ያዘች። «ነገ ችሎት ላይስ? እህቴ ከሌለች ማን ይናገራል?»

«ነገ ይህ ይነበባል» አለች ዘመናይ፣ የፋንቱን ወረቀት እያሳየቻት።