በጉማሬዋና በጥልቁ መካከል

ታንኳዋ ወደ ተጂ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ከመንደሩ ስትላቀቅ የዕድላዊት ምጥ ጠንቶ ነበር። አዋሽ ሞልቶ ከተጂ ወዲያ ያለውን ሜዳ ውጦታል፤ መንገድ የለም፣ አጥር የለም፣ የጤፍ ማሳ የለም። ከኋላ ቆመው ታንኳዋን በረጅም ዘንግ የሚገፉት የዕድላዊት አማት ኦቦ ኩምሳ ናቸው። ከፊት ተንበርክካ ውሃውን የምትቃኘው ኢናስ ናት፤ የሰበታ ነጋዴ ልጅ፣ የጉማሬ ተመራማሪ። ከጎርፉ ጋር የመጡትን ጉማሬዎች ልታጠና መጥታ ውሃው መንደሩ ውስጥ ከበባት።

ገና ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ በረዶ ወረደባቸው። ኢናስ የዝናብ ልብሷን አውልቃ ለዕድላዊት ደረበችላትና ታንኳዋ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ በጣሳ ትጨልፍ ጀመር። በረዶው ሲያባራ ሜዳው ጭር አለ። ወፍ እንኳ አልነበረም።

በስተቀኝ ከውሃው ውስጥ አንድ ነገር በኃይል ተነፈሰ።

«ሮቢ!» አሉ ኦቦ ኩምሳ፤ ጉማሬ ማለታቸው ነው።

ጉማሬዋ ብቅ አለች፤ ልጇ ከጎኗ ተለጥፏል። ያን ግዙፍ አፏን በረገደችው።

«እያዛጋች ነው?» አለች ዕድላዊት እያቃሰተች።

«ማስፈራሯ ነው» አለች ኢናስ። «ኦቦ፣ ጥልቁ በየት በኩል ነው?»

«በግራችን፣ ቦዩ ያለበት።»

«ስትፈራ የምትሸሸው ወደዚያ ነው። መንገዷን ዘግተንባታል። ወደፊት ይግፏት፣ እንለፍላት!»

«ሱታ፣ ቀስ!» አሉ ሽማግሌው ለራሳቸው፤ ዘንጉን ጭቃው ውስጥ ሰክተው ገፉ። ጉማሬዋ ልጇን እየገፋች ከኋላቸው ወደ ቦዩ አለፈች።

ቦዩ ውስጥ ግን ሌላ ነበር። ጠባሳ የሸፈነው ወንድ ጉማሬ ተነሥቶ ጅራቱን እያማታ እበቱን በተነ፤ ውሃው የእኔ ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ግልገሉን በጥርሱ ነጠቀ። እናትየው ዘለለችበት። የተነሣው ማዕበል ታንኳዋን አንሥቶ ጭቃ ላይ ጣላት፤ ዘንጉ ተሰበረ።

ኢናስ ውሃው ውስጥ ዘላ ገባች።

«ውጪ! ይገድልሻል!» ብለው ጮኹ ኦቦ ኩምሳ።

«እርስዎ ዕድላዊትን ይያዙልኝ!»

በትከሻዋ ገፋች። ታንኳዋ ተንፏቃ ተንሳፈፈች። ከኋላ የጉማሬዎቹ ጩኸት ድንገት ቆመ። ዞር ስትል እናትየው የግልገሏን በድን በአፍንጫዋ ወደ ላይ ትገፋለች፤ ይሰምጣል፣ ደግማ ትገፋለች። ወንድ ጉማሬዎች የሌላውን ልጅ እንደሚገድሉ ኢናስ ስንት ጊዜ ለተማሪዎች አስረድታ ነበር። አሁን ግን ዓይኗን ከእናትየው ላይ ነቅላ ወንዱን ፈለገች።

ወንዱ የለም። ጉማሬ መሬት ረግጦ ከውሃ ሥር እንደሚሄድ ታውቃለች። እግሯ ሥር ያለው ጭቃ ሁሉ የሚንቀሳቀስ መሰላት። ዕድላዊት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ምጧን ዋጠች።

ከሩቅ፣ ከቦዩ ማዶ፣ ወንዱ ተነፈሰ።

ኢናስ ታንኳዋ ላይ ወጣች፤ በተሰበረው ዘንግና በእጃቸው እየቀዘፉ ተጂ ዳር ደረሱ። ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ሲሮጡ ሕፃኗ አልጠበቀችም፤ እዚያው ሣሩ ላይ ተወልዳ አለቀሰች።

ኦቦ ኩምሳ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ነገ ወደ ጉማሬዎቹ ትመለሻለሽ?»

ኢናስ የበረዱ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸሸገች።

«እመለሳለሁ፣ ኦቦ። ከእንግዲህ ግን የማያቸው ከኮረብታ ላይ ሆኜ ነው። እኛ ስንጨመርበት ውሃው ለእነሱም ጠብቧቸዋል።»