ከሐይቁ የመጣ ፉጨት

ማመን አለማመን የእናንተ ነው... እኔ ግን አክስቴን ዘይነትን አውቃታለሁ፤ በልጇ ስም አትዋሽም።

1971 ዓ.ም.፣ ኅዳር። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ አንድ አዳራሽ።

ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መጥቷል ተብሎ ሰዉ ከየቤቱ እንዲወጣ ታዟል። ዘይነት ለሙዚቃው ደንታ አልነበራትም። እስረኞችም መጥተው ያዳምጣሉ የሚል ወሬ ሰምታ ነው የሄደችው።

ታንኳ ቀዛፊው አንድያ ልጇ ቡርሀን ከታሰረ ስምንት ወሩ ነበር። ዓርብ ዓርብ ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ ከአሮጌ ቀሚሷ በቀደደችው ጨርቅ ቋጥራ ትወስዳለች፤ ዘበኛው ይቀበላታል። ጨርቁን መልሶላት ግን አያውቅም። ያኔ አገር ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነበር... ስንቅሽን ከመለሱት ልጅሽ የለም፤ ከተቀበሉሽ አለ። በዚያች ተስፋ ነበር ውላ የምታድረው።

ለእስረኞቹ የተባለው ረድፍ ከኋላዋ ነበር።

ባዶ።

እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ወንበሩን ዳሰሰችው... ረጥቧል። ቀጥሎ ያለውም። ረድፉ በሙሉ። በኅዳር ምን ዝናብ አለ?

«ሸዋዬ» አለቻት ጎረቤቷን በሹክሹክታ። «ወንበሩ ለምን ረጠበ?»

«ዝም በይ። ካድሬው ያየናል።»

ሙዚቃው ተጀመረ። ያ ሁሉ ቫዮሊን ባንድነት ተነሣ። ከዚያ ድንገት ቆመ፤ ፈረንጆቹ ገጽ ሊገልጡ ነው። ካድሬው ሳያጨበጭብ ማንም እንዳያጨበጭብ ተነግሯልና አዳራሹ ጸጥ አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ፉጨት ሰማች።

የቡርሀን ፉጨት...

ጉም ሲወርድበት ከሐይቁ ላይ የሚያፏጨው ነው። እሷ ከዳር ትመልስለታለች፤ እሱ ድምፅዋን ተከትሎ ይመጣል። ቀዛፊዎች ግን አንድ ሕግ አላቸው። ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ያፏጫል። ሦስቱን ሳይሰሙ አይመልሱም።

ሁለተኛውን ጠበቀች።

የለም።

ዋሽንት መሰሉን ፍሉት የያዘው ፈረንጅ ይሆን ብላ አየችው። ፍሉቱ ጉልበቱ ላይ ነው። ዓይኑ ግን ከእሷ ኋላ ተተክሏል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ሕጉን ታውቀዋለች። ግን ስምንት ወር... የእናት ሆድ አልቻለም። ከንፈሯን አሹላ መለሰችለት።

አዳራሹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሸዋዬ ክንዷን ጨመደደቻት።

«ምን ነካሽ?»

«ቡርሀን ጠራኝ። ሰማሁት።»

«ኧረ ማንም አልጠራሽ...»

ከኋላዋ ወንበሮቹ አንድ በአንድ ሲንቋቁ ሰማች፤ ሰው ሲነሣ እንደሚንቋቁት። ዞር ብትል ረድፉ ባዶ ነው። ወለሉ ላይ ግን እርጥብ የባዶ እግር ዱካ እስከ በሩ ድረስ ሄዷል።

ተከትላው ወጣች። ዱካው ውሃው ዳር አለቀ።

ጉም የለም፤ ጠራራ ፀሐይ ነው። አንድ የደንገል ታንኳ ሰው ሳይኖርበት ቀስ እያለ መጥቶ እግሯ ሥር ቆመ። ውስጡ ቋጠሮ ሞልቶታል። ጨርቁ የቀሚሷ ነው፤ አቋጣጠሩም የራሷ። አንዱም አልተፈታም።

የስምንት ወር ስንቅ።

አንዱን አነሣችው... ትኩስ ነው።

ያኔ ከውሃው ላይ ሁለተኛው ፉጨት መጣ።

አክስቴ አሁን አርጅታለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን እስከ ዛሬ ሐይቁ ዳር ወርዳ ውሃ የማይደርስበት ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ባለፈው ዓርብ ወደ ቤት እንግባ ብዬ ለመንኳት።

«ሁለቱን ሰማሁ» አለችኝ። «አንድ ቀርቶታል።»

እምቢ ስትለኝ አጠገቧ ልቀመጥ ብዬ ድንጋዩን በእጄ ዳሰስኩት...

ረጥቧል።