የሩቂያ ሳጥን

ፈይሩዝ ሸዋ ሮቢት ውስጥ አሮጌ የእንጨት ሳጥን እየጠገነችና ቀለም እየቀባች ለሳሎን ማስጌጫ ታዘጋጃለች። ሙቀቱ አላስተነፍስ ባለ ቀን እንኳ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ ትውላለች።

ሰዲቅ እናቱ ስትዳር የተሰጣትን ሳጥን በሚኒባስ ጭኖ ከካራቆሬ መጣ። ቤታቸው ተቃጥሎ እናቱ ሩቂያ ከሞተች ሦስት ወሯ ነበር። ከእሳቱ የተረፈው ይኸው ሳጥን ብቻ ነው።

«እግሩ ተሰብሯል፣ ጎኑም ለቋል፤ እሱን አብጂልኝ። ክዳኑን ግን ተዪው፣ አትልፊ» አላት።

ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ ይመጣል። ሥራውን ላየው ነው ይበል እንጂ የሚያየው እሷን ነበር። እሷም ብትሆን በሳምንት የሚያልቀውን ሥራ ሁለት ወር ጎተተችው። መውደድ ያሰንፋል መቼም።

«ሲያልቅ የት ታስቀምጠዋለህ?» አለችው አንድ ቀን።

«ካንቺ ጋር በምገባበት ቤት። አጎቶቼን ቅዳሜ ልልክ ነው። አባትሽ እሺ ይሉኛል?»

«እስኪ ይምጡ» አለች፣ ቀና ሳትል። ደስታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

የቀረው ክዳኑ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ጥቀርሻ። ደንበኛ ሁሉ «አትልፊ» ይላል፣ ባለሙያም ሁሉ ይለፋል፤ ወጉ ነው። ሰዲቅንም ይሉኝታ ይዞት ነው ብላ ክዳኑን በሳሙና ፈትጋ አጠበችው፤ አረንጓዴ ቀባችው። ሐሙስ እስኪደርስ ቸኮለች።

ሰዲቅ ገብቶ ሳጥኑን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እዚህ ጋ እጇ ነበር» አለ።

«የማን?»

«የእናቴ። ከእሳት ጎትታ ስታወጣው የያዘችው እዚህ ጋ ነው። አምስቱም ጣቷ ጥቀርሻው ላይ ታትሞ ነበር። በቃጠሎው ነው የሞተችው።»

ፈይሩዝ ክዳኑን ስታጥብ ጥቀርሻው መሃል የገረጣ ነገር ማየቷ ትዝ አላት። ውሃ የነካው መስሏት ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አፌ እንቢ አለኝ እኮ።»

«አውፍ በለኝ፣ ሰዲቅ።»

«ብያለሁ፣ ወላሂ። አላወቅሽም። ግን እጅሽን ባየሁ ቁጥር የእሷ እጅ ሲታጠብ ነው የሚታየኝ። በዚህ እጅ የቀረበልኝ ምግብ እንዴት ይወርድልኛል?»

ሳጥኑን ሳይወስድ ሄደ።

ቅዳሜ ሽማግሌ አልመጣም። ፈይሩዝ ሱቋን ዘግታ አረንጓዴውን ቀለም ስትፍቅ ዋለች። ከሥሩ ያማረ፣ ንጹሕ እንጨት ወጣ። ሥራዋን አሳምራ ሠርታው ነበር፤ አንዲት ጥቀርሻ እንኳ አልቀረችም።